ባዶ ጊታርና የቀበሌያችን በረዶ

ጊታር ሳይኖር ጊታር መምታት የሰነፍ ሙዚቀኛ ጨዋታ ነው ይባላል። አይደለም። ከሙዚቃ ጋር ምንም አያገናኘውም። የክረምት ስፖርት ነው። ይህን የምለው ዛሬ በሰው አገር ውድድር እንደሚደረግበት ስለሰማሁ አይደለም። በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ በቀበሌ ደረጃ ሲወሰን ስብሰባው ላይ ስለነበርኩ ነው።

እኛ «ባዶ ጊታር» ነበር የምንለው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ መጋላ ገበያ ሲገባ ያለው የሰፈራችን ወጣት ግማሹ ይመታው ነበር። አንዱ እጅ አንገቱን ይይዛል፣ ሌላው ሆድ ላይ ይርመሰመሳል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ዓይን ይጨፈናል። ከሁላችን የሚበልጠው ጓደኛዬ ነበር። ቤታቸው ሶማሊኛ የሚነገርበት፣ ረጅምና ቀጭን ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። ሠርግ ላይ ባንድ ሲመጣ ከጊታር መቺው ፊት ለፊት፣ አፍንጫው ሥር ቆሞ እጁን ሲያይ ያመሻል። በማግስቱ ያየውን አንድ ሳያስቀር በአየር ላይ ይደግመዋል።

የእናቱ ወንድም፣ እሱ «አብቲ» የሚለው፣ የጭነት መኪና ነበረው። «ክረምቱ ሲወጣ ረዳት ሆነህ ከእኔ ጋር ትወጣለህ» ብሎታል። ጓደኛዬ መኪናውንም፣ መንገዱንም፣ የናፍጣውን ሽታም ይጠላ ነበር። ከዚህ የሚያድነው የቀበሌው የኪነት ቡድን ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የኪነት አባልን የቀበሌውን ሊቀመንበር ሳያስፈቅድ ይዞ የሚሄድ ዘመድ አልነበረም።

ቡድኑ ጊታር የሚመታ ሰው አልነበረውም። ጊታር ግን ነበረው። ሊቀመንበሩ ቢሮ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። ጓደኛዬ ሄዶ ጠየቀ።

«መምታት ትችላለህ?» አሉት ሊቀመንበሩ።

«እማርበታለሁ።»

«የሕዝብ ንብረት መማሪያ አይደለም። ስትችል ና።»

ያን ሰሞን በቀበሌው አዳራሽ ፊልም ታየ። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ነው፤ የሚያስተዋውቀው ሰው «የክረምት ስፖርት» ብሎ ጠራው። ሙቀቱ ከውጭ ይልቅ ውስጥ ይብስ ነበር። በካርቶን እያራገብን፣ እግሩ ላይ ሁለት ጣውላ ያሰረ ሰው ከተራራ አፋፍ ሲወረወር አየን። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ የመጋላ ጨርቅ ነጋዴ፣ አዛውንት ናቸው፣ ወደ ልጃቸው ዘንበል አሉ።

«ምን አጥፍቶ ነው?»

«ስፖርት ነው አባ።»

«ኳሷስ?»

«ኳስ የለውም።»

ወዲያው አምስት ሰዎች ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠው ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ከፍ አደረጉ። «አሃ» አሉ አዛውንቱ፣ «ስብሰባ ነው።»

እኛ ዘንድ ክረምት ዝናብ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ደቻቱ ይሞላል። በፊልሙ አገር ክረምት በረዶ ነው። ይህ ልዩነት ማንንም ባልነካ ነበር፣ ሊቀመንበሩ ከበላይ ስብሰባ «ወጣቱን በክረምት ስፖርት አሳትፉ» የሚል መመሪያ ሰምተው ባይመለሱ። የተፈለገው ተማሪው በእረፍቱ መረብ ኳስ እንዲጫወት ነው። እሳቸው ግን ፊልሙን አይተዋል። ወዲያው የቀበሌውን ኮሚቴ ሰበሰቡ፤ እኔም ከወጣቶች ተወካዮች አንዱ ነበርኩ።

«በረዶ ከየት ይገኛል?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ለስላሳ መሸጫው ጋ አለ፣ ጓድ» አለ ጸሐፊው። «ጠርሙስ የሚያቀዘቅዝበት።»

«ስንት ሰው ይችላል?»

«ቆሞ ከሆነ አንድ። እሱም ከፈጠነ ነው።»

ማንም አልሳቀም። በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ቀድሞ መሳቅ አይመከርም ነበር።

ማታውኑ ለጓደኛዬ ነገርኩት። በማግስቱ አብረን ሄድን። «ጓድ ሊቀመንበር» አለ፣ «በረዶ ከሌለ ያለ በረዶ ይሠራል። እኔ ጊታር የለኝም፤ ይኸው እመታለሁ።» እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ከተቆለፈው ቁም ሣጥን ፊት መታ። ሊቀመንበሩ ከላይ እስከ ታች አዩት። ኳስ የለም። ጉልበቱ ታጥፏል። ጫማው ሲሚንቶው ላይ ይንሸራተታል።

«ይሄማ እሱ ራሱ ነው» አሉ።

ውድድሩ ተወሰነ። አሸናፊው ጊታሩን ተረክቦ ይለማመዳል፤ መስከረም ላይ የኪነት ቡድኑ ይሰማዋል። «ያሸነፈማ ይችላል ማለት ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤአለሁ፣ የሊቀመንበሩን ፍርድ የሚያፈርስ ግን አላገኘሁም። ከተራራ የዘለለው ሰውዬ ከእግሩ ሥር መሬት የለውም፣ ጓደኛዬ በእጁ ጊታር የለውም። ሁለቱም የሚለብሱት ልብስ ይጠባል። በሁለቱም ላይ የሚፈርደው ራሱ የማይሞክረው ሰው ነው። ዋናው ግን አስተራረፉ ነው። አየር ላይማ ማንም ያምራል።

የውድድሩ ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ዳኞቹ ሦስት ናቸው፤ ሊቀመንበሩ፣ አንድ የስፖርት አስተማሪና ሁላችን «እትዬ» የምንላቸው የሴቶች ማኅበር ተወካይ። ቁጥሮቹ ከሳሙና ካርቶን ተቆርጠዋል። አስፈሪው ተወዳዳሪ ከሳቢያን ሰፈር የመጣ ልጅ ነበር። የቴፑ ሙዚቃ ሲጀምር ከበሩ እስከ ዳኞቹ ጠረጴዛ በጉልበቱ ተንሸራቶ መጣ፤ መጨረሻ ላይ ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ። አዳራሹ ጮኸ። ሁለቱ ወንዶች ዘጠኝ ዘጠኝ አነሱ። እትዬ ሁለት።

«ሁለት ነው ያሉት?» አለ አስተማሪው።

«ጊታሩስ?» አሉ እትዬ።

«የቱ ጊታር?»

«ሲመታው የነበረው ነዋ። እጁን ሲያነሳ ጣለው። እንዲህ ለሚጥል ልጅ ነው የሕዝብ ንብረት የምትሰጡት?»

አዳራሹ በሙሉ ወለሉን አየ። እኔም አየሁ።

«አቦ፣ ምንም አልያዝኩም እኮ» አለ የሳቢያኑ ልጅ።

«ዋርያ፣ አንተ፣ ታዲያ ምን ስትመታ ነበር?» አለው አንዱ ከኋላ።

የጓደኛዬ ተራ ሲደርስ ዝናቡ ወረደ፣ ወዲያውም ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ነገር ተጨመረበት። በር ላይ የነበረው ሰው አንገቱን አውጥቶ አየና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ በረዶው መጣ» አለ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ያዘዙት ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ቴፑ ከዚያ በኋላ አልተሰማም። ጓደኛዬ በዚያ ጩኸት ውስጥ መታ። ሲጨርስ ማንገቻውን ከአንገቱ አወለቀ፣ የጊታሩን አንገት በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ ሣጥኑን ከፈተ፣ አስተኛው፣ ክዳኑን ገጥሞ በሁለት በኩል ቆለፈ። ሣጥኑም አልነበረም። እትዬ ዐሥር አነሱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

በማግስቱ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። ጊታሩ ደህና ነው፣ ስድስቱም ክር አለ። ጓደኛዬ እንደ ልማዱ ይዞ መታው። የወጣው ድምፅ ምንም አይመስልም። ደግሞ መታው። ቆይቶ ነው የገባን። ሠርግ ላይ ከመቺው ፊት ለፊት እየቆመ ነው የተማረው፤ እንደ መስታወት ግራውን በቀኝ፣ ቀኙን በግራ አድርጎ ነው የወሰደው። ባዶ ጊታር ግራና ቀኝ ስለሌለው ማናችንም አላየንም። እውነተኛው ግን አለው፤ ወፍራሙ ክር ከላይ መሆን ሲገባው ከታች ሆነ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ወደ ቢሮው ተመለስን።

«ክሩን ልገልብጠው» አላቸው።

«የሕዝብ ንብረት እንደነበረ ነው የሚቀመጠው።»

«ስመልሰው አስተካክለዋለሁ።»

«ሌላ የሚመታ ሰው ቢመጣስ?»

ሌላ የሚመታ ሰው አልመጣም። ጓደኛዬ የቀረውን ክረምት ሙሉ እጁን ሊያዞር ታገለ። ጣቶቹ የሚያውቁትን አልተዉም፣ የማያውቁትንም አልያዙም። መስከረም ላይ የኪነት ቡድኑ ሰማውና በትህትና አሰናበተው። ጊታሩን ጠርጎ ለሊቀመንበሩ አስረከበ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። አብቲው ደጃፉ ላይ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቅ ነበር።

«ቻልከው?» አለው።

«ባዶውን።»

«ጭነቱ ባዶ አይደለም። ውጣ።»

ወጣ። ከዓመታት በኋላ፣ ራሱ ሹፌር ሆኖ፣ የደቻቱ ድልድይ አጠገብ መኪናውን አቁሞ ጭነት ሲጠብቅ አየሁት። ቀኝ እጁ መሪው ላይ አንገት ይዞ ነበር፣ ግራው ሆዱ ላይ ይርመሰመሳል። አሁንም እንደተገለበጠ ነው። ጊታሩ ደርግ እስኪወድቅ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ ማንም ሲመታው አልሰማሁም።

እርስዎ ቤት ግድግዳ ላይ ማንም የማይነካው ጊታር ካለ ዛሬውኑ ያውርዱትና ለሚፈልግ ሰው ይስጡት። ክሩን ቢገለብጠውም ዝም ይበሉ።