የልጄ ሙሾ በሌላ ሰው ሬሳ ላይ

ልጄን ያለቀስኩበት ሙሾ ተወስዶ ልጄ ላልሆነ ሬሳ ተሰጥቷል። እንዲጻፍልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የወሰደው ሰው ጨካኝ አልነበረም፤ ጨካኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሆሊውድ አቅራቢያ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባልትና ከምሸጥበት ሱቅ በላይ ያለውን ክፍል ተከራይቶ ሲገባ ገና ወጣት ነበር። አሜሪካዊ ነው፤ ካልቨር ሲቲ አንድ የፊልም ስቱዲዮ ውስጥ የመብራት ገመድ ይጎትታል። ጠዋት ጠዋት ሳምቡሳ ከእኔ ይገዛል፤ እንደ ሰፈሩ ልጆች «ማማ» ይለኛል። በኋላ ገመዱን ትቶ የዳይሬክተር ረዳት ሆነ። ከዚያ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ አንዱን ክፍል ራሱ እንዲሠራ ሰጡት፤ ያን ቀን እየሮጠ መጥቶ መጀመሪያ የነገረው ለእኔ ነው። እናቱ ሩቅ ናት። አቅፌ ስሜዋለሁ።

ልጄ ታክሲ ይነዳ ነበር። ፍሪዌይ ላይ ተጋጭቶ ሞተ። ዌስት አዳምስ ሰፈር በተከራየነው ቤት ጓሮ ድንኳን ተተክሎ ለቅሶ ተቀመጥን፤ ያም ሰው ካሜራውን ይዞ መጣ። እኛ ዘንድ ለቅሶ የመጣ ሰው ለምን መጣህ አይባልም። ካሜራም አይከለከልም፤ ቪዛ ያላገኘ ዘመድ አገር ቤት ሆኖ የሚያለቅሰው በተላከለት ቪዲዮ ነው። ለዚያ የመጣ መሰለን። ቪዲዮውንም በእርግጥ ሰጠን፤ ለእህቴ ላክንላት። ለራሱ ማስቀረቱን ልብ ያለ አልነበረም።

ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ፣ ልጄን በስሙ እየጠራሁ ሙሾ አወረድኩለት። ግጥሙን እዚህ አልጽፈውም። አንዴ ያለ ቦታው ወጥቷል፣ ይበቃዋል።

ዓመታት አለፉ። ሰውየው ከሰፈሩ ለቆ ትልቅ ፊልም ዳይሬክት አደረገ፤ ተሸለመበትም። ጋርዴና የልጅ ልጄ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጠን ከፈትነው። ይህች ልጅ የሟቹ ልጄ ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት ገና ትድህ ነበር። ፊልሙ መሀል ላይ በረሃ ውስጥ አንድ ሰው ተገድሎ ተጋድሟል፤ መንደር ሲያቃጥል የነበረ ወታደር ነው። ሴቶች ከበውታል። ከሴቶቹ አፍ የሚወጣው ድምፅ የእኔ ነው።

ልጅቷ ፊልሙን አቆመችው።

«እማማ፣ የአባቴን ስም ነው የጠራሽው?»

«አዎ።»

«ይሄ ሰውዬ ማነው ታዲያ?»

አባቷን የምታውቀው በፎቶ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ሲነሳ ያ ወታደር ነው የሚመጣብኝ ብላኛለች። ድምፄ ከፊልሙ እንዲወጣ የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ሰፈሩ ግን ሠርግ አደረገው። የፓርኪንግ ሠራተኛው ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ ሆሊውድ ገቡ አሉ። ከእንግዲህ ሰላም የሚሉን በአስተርጓሚ ነው?» አለኝ።

«አይዞህ፣ አንተም ስትሞት አስገባሃለሁ» አልኩት።

ሰውየው አበባ ይዞ መጣ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ድምፄን አውጣልኝ አልኩት።

«ማማ፣ እኔ ዳይሬክተር ብቻ ነኝ። የሚቆረጠውን የሚወስነው ፕሮዲውሰሩ ነው።»

«ታዲያ ሽልማቱን ለምን ፕሮዲውሰሩ አልወሰደውም?»

አበባውን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወጣ።

ቀጥሎ ራሱ ፕሮዲውሰር ሆነ። ፊልሙን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አደረገው፤ የልጄ ሙሾም በየክፍሉ መጀመሪያ ርዕሱ ሲወጣ የሚሰማ ሙዚቃ ሆነ። ከበሮ ጨመሩበት። ሰው ፈንዲሻ እየበላ የልጄን ስም ይሰማል።

የልጅ ልጄ ድራይቭ አድርጋ ካልቨር ሲቲ ቢሮው ወሰደችኝ። «አሁንስ ፕሮዲውሰሩ ማነው?» አልኩት፣ ገና ሳልቀመጥ። ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። ከዚያ የድራማው ባለቤት የሚያሳየው ኩባንያ ነው አለኝ። ስምሽን ድራማው መጨረሻ ላይ ላስጽፍልሽ ሲል «የእኔን ስም ማን ጠየቀህ?» ብዬ ተነሳሁ።

ጠበቃም ጠየቅን። ካሜራውን አይተሽ ዝም ካልሽ ፈቅደሻል ማለት ነው አለን። ለቅሶ ቤት ዝም ማለት መፍቀድ እንዳልሆነ የልጅ ልጄ ብታስረዳው ብታስረዳው አልገባውም።

የቀረኝ ሽማግሌ መላክ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የተከበሩ ሰዎችን ለመንኩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ሰውየው በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው፣ ስቱዲዮውን አስጎበኛቸው፣ በእንጨት የተሠራውን የውሸት መንደር አሳያቸው። ሲመለሱ ስልካቸው በፎቶ ተሞልቷል።

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ ትሑት ነው» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። «ለልጅዎ ዓለም አለቀሰለት ይላል። ለእግዜር ይተዉት።»

«ዓለም ያለቀሰው ለወታደሩ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ለማን ነበር ያለቀሱት?»

አንገታቸውን ደፉ። ሁለተኛ ግን አልሄዱልኝም።

ድራማው አለቀ። ከዚያ በኋላ የሠራቸውን ፊልሞች ማንም አላያቸውም። ወጣቶች መጡ፤ ቢሮው ሌላ ሰው ገባበት። ያ ድራማ ግን ይኸው እስከ ዛሬ በስልክ ይታያል፣ አውሮፕላን ውስጥም አለ አሉኝ።

ሰውየው በቀደም ሱቁ መጣ። ሸብቷል። ወንበር ሰጠሁት፤ በደሌን አልረሳሁም፣ ወንበር ግን ለማንም አልነፍግም። የልጅ ልጄ ከሥራ እስክትመጣ አስጠበቅኩት።

«በይ ንገሪው» አልኳት። «አሁን ከበላዩ ፕሮዲውሰር የለም፣ ኩባንያም የለም። እውነቱን ይንገረኝ። ለምን አላወጣውም?»

ወለሉን እያየ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። ልጅቷ እኔን ሳታየኝ ተረጎመችው።

«ሶ፣ እማማ... መጀመሪያ ስትጠይቂኝ ማውጣት እችል ነበር ይላል። ፕሮዲውሰሩ እንዲያውም ገና ፊልሙ ሲሠራ ይረዝማል፣ ቁረጠው ብሎት ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ ይላል። ከሠራሁት ሁሉ እውነት የነበረው ያ ሙሾ ብቻ ነው፣ እሱ ከወጣ ምንም አልሠራሁም ማለት ነው ይላል። አሁን ደግሞ ከእጄ ወጥቷል፣ ማንም አያወጣልሽም ይላል።»