ከአጥር ውጭ የቀረው ጉድጓድ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን ጠርጥሬም አልዳንኩም፤ ያውም ሌላ ሰው ይዤ ነው የተመነጠርኩት።

ቡታጅራ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሰፈሬ ባጃጅና ጋሪ ፊት ለፊት ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ የሚመለስበት ጠባብ ቅያስ ነው። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ከመጣ ዕድለኞች ነን። የምንጠጣው ከጎረቤቴ ከሐጂ ጉድጓድ ነው። ሐጂ ከቆሼ ከተማ በርበሬ እያመጡ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት ባለቤታቸው የሞቱ ጊዜ ነው፤ ለሟቿ ሰደቃ ይሁን ብለው። ከአጥራቸው ገባ ብሎ ነው ያለው፤ በራቸው ከንጋቱ ሱብሂ እስከ ምሽቱ መግሪብ ክፍት ስለሆነ ማንም ጀሪካኑን ይዞ ይገባል፣ ቀድቶ ይወጣል። “እናንተ በቀዳችሁ ቁጥር እሷ ጋ ይደርሳል” ይሉናል።

ከቅያሳችን መጨረሻ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ የግል ሆስፒታል ሊሠራ ነው የተባለ ዕለት ሰፈሩ ደስ አለው። እኔ ግን ሰጋሁ። ወላድ በባጃጅ ስትንገላታ አይቻለሁ፤ ሆስፒታል የምጠላ ሰው አይደለሁም። ግን ያ ሁሉ በሽተኛ በየት ሊገባ ነው? የዚያ ሁሉ ሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የቀዶ ጥገናው እጣቢ የት ሊሄድ ነው? የኛ መሬት ከሥሩ ቀይ አሽ ነው፤ ያፈሰሱበትን ሁሉ ወደ ታች ይሰዳል። ይህን ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ።

በዕድራችን አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የባለሀብቱ መሐንዲስ ፕላኑን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ለእያንዳንዳችን የታሸገ ውሃ አደለን። ውሃችንን ሊያበላሽ ውሃ ይዞ መጣ አልኩ በሆዴ፤ አልከፈትኩትም።

“ፍሳሹስ?” ብዬ ጠየቅኩት።

“እሱ በዘመናዊ መንገድ ታስቦበታል እትዬ፣ ስጋት አይግባዎት።”

እስቲ ፕላኑ ላይ አሳየኝ ስለው ጣቱን አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሳ። ከጉድጓዱ በስንት እርምጃ እንደሚርቅ እንኳ ለማየት ጊዜ አልሰጠኝም። እንዲህ የሚቸኩል ጣት አላምንም።

ያኔ ብልሃት መጣልኝ። በፍሳሽ ብከራከረው እሱ ባለሙያ፣ እኔ አስተማሪ፤ ማን ይሰማኛል? መንገዱን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ተነሣሁና “እሺ፣ ይሠራ። ግን አስቀድሞ መንገዱ ይስፋ! አምቡላንስና ገበያተኛ ካልተላለፉበት አንድ ድንጋይ እንዳይገባ። ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ” አልኩ። ጭብጨባው ቀለጠ። ጸሐፊው መዘገበ፣ ሁላችንም ፈረምን።

ስሌቴ ቀላል ነበር። በአንዱ ወገን የግንብ ቤቶች ስላሉ መንገዱ ሊሰፋ የሚችለው በሐጂ በኩል ብቻ ነው። ሐጂ ደግሞ አጥራቸውን አያስነኩም። ይህን ማን ነገረኝ? ማንም። እኔ ባደግኩበት አገር አባቴ ለአንድ ክንድ ድንበር ከገዛ ወንድሙ ጋር ሰባት ዓመት ተካሷል። ሰው መሬቱን ወዶ ይሰጣል የሚል ነገር በሕልሜም መጥቶ አያውቅ። መንገዱ አይሰፋም፣ ሆስፒታሉ ይቀራል፣ ጉድጓዱ ይተርፋል ብዬ በራሴ እየኮራሁ ቤቴ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሐጂ አጥራቸውን እየነቀሉ ደረስኩ።

“ምን ሆነው ነው ሐጂ? ማን አስገደደዎት?”

“ማን ያስገድደኛል? አንቺው አይደለሽ መንገዱ ይስፋ ያልሽ? ወላሂ ልክ ተናገርሽ። በኛ አገር አጥሩን ወደ ጀፎረ የሚገፋ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ቀና ብሎ አይቀመጥም። የበሽተኛ መንገድ ይዤ ለአላህ ምን እመልሳለሁ?”

ጀፎረን አውቀዋለሁ። በጉራጌ መንደሮች በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል ያለው ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም ከብቱም እዚያ ላይ ነው፣ ማንም የኔ አይለውም። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምሬዋለሁ። ከሰው ጋር ከተማ ድረስ እንደሚመጣ ግን አላሰብኩም ነበር።

“ጉድጓዱ እኮ ከአጥር ውጭ ቀረ!” አልኩ።

“ይሻላል!” አሉ ደስ ብሏቸው። “ማንም ደጄን ሳይረግጥ፣ ሳይሳቀቅ ይቀዳል።”

መሐንዲሱ መንገድ ሲል የመኪና መንገድ እንጂ ጀፎረ ማለቱ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አጥርዎን ይመልሱት ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ለምን ቢሉኝስ? እርስዎ እንቢ ይላሉ ብዬ ነው ይስፋ ያልኩት ልበላቸው? አፈርኩና ቤቴ ገባሁ።

ሳምንት ሳይሞላ መሐንዲሱ ሜትሩን ይዞ መጣ። ጉድጓዱ የመኪና መንገድ ላይ ነው፣ ይደፈናል አለ። ሐጂ ጠንካራ ክዳን ይደረግለት፣ ካልሆነም አጥሬን ልመልሰው ብለው ለመኑት። ሰውዬው ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ አነበበላቸው፤ የኔ ንግግር ቃል በቃል ተጽፏል። ገልባጭ መኪናው ቀይ አሹን ሲደፋበት ሐጂ ፊታቸውን አዙረው ቆመው ነበር። ጉድጓድ ከሌለ ደግሞ ፍሳሹ ከጉድጓድ ይራቅ የሚል ጠያቂ የለም። ሰውዬው ይህን ከመጀመሪያው አስቦበት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ እጠረጥረዋለሁ።

ሰፈሩ የሚጠረጥረው ግን እኔን ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በነፃ አልተናገረችም ይላሉ፤ ዕድር ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

አንድ ዓርብ ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ በሬ ላይ ቆሙ። ዓይኔን አላዩም።

“መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። ያንን መሐንዲስ ከስብሰባው በፊት ታውቂው ነበር?”

“በፍጹም፣ ሐጂ!”

“ታዲያ ለምን መንገዱ ይስፋ አልሽ?”

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። ለአንድ ክንድ መሬት የሚሳሱ ሰው መስለውኝ ነው ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

“ለበሽተኞቹ ብዬ ነው” አልኩ።

“እሱስ ልክ ነው” ብለው ሄዱ። እንዳላመኑኝ ገባኝ። እኔም ምን አድርጌ እንደገመትኳቸው ከሚያውቁ፣ ጉቦ በልታለች ብለው ቢያስቡ ይሻለኛል ብዬ በሬን ዘጋሁ።