ደጃፍ ላይ የተበላ ሰደቃ

ልጄ፣ የተቀቀለ የበግ ሥጋ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ተነሥቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ሐኪም የማያውቀው በሽታ ነው፤ ከቡታጅራ ይዤው የመጣሁት።

አባቴ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። ያኔ ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ናቸው። በገበያ ቀን ሌላው ጨርቅ ይዞ ሲዞር፣ እሱ እኔንና አንዲት ቃል ይዞ ይዞር ነበር። አንድ ቀን «በላ»ን ይዘን ወጣን። የኛው «በላ» ከግዕዙ «በልዐ» የመጣ ነው አለኝ። ኦሮሞዋ ቅጠል ሻጭ ሳብ አድርጋ «ባላማ ቅጠል ነው» አለችና የእንሰት ቅጠሏን አነሳችልን። ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴዋ ግን ሳቋን ቆረጠች። «እኛ ዘንድ መዓት ነው ጋሼ። ዓረብኛ ነው። አላህ ይጠብቀን፣ በከንቱ አይጠራም።» አባቴ ድምፁ ይቀራረባል፣ ዘሩ ግን አይተዋወቅም እያለ ደስ ብሎት ወደ ቤት ገባ።

በዚያው ክረምት የነጋዴዋ ልጅ፣ የኔው እኩያ፣ በትኩሳት ወደቀች። ቤተሰቧ በግ አርዶ ሰደቃ አወጣ። ሰደቃ በላን ይመልሳል ይላሉ፤ ጎረቤት በልቶ ሲመርቅ። እኛ ክርስቲያን ነንና የእስላም ሥጋ ቤታችን አይገባም። እነሱም ስለሚያውቁ ለኛ ሁልጊዜ ቆሎ ነበር የሚልኩልን። ያን ቀን ቆሎውን ራሷ ነጋዴዋ ይዛ መጣች። አስቀምጣው ግን አልሄደችም።

«ሰፈሩ ሁሉ ቀምሷል» አለች መሬት መሬት እያየች። «የእናንተ ደጅ ብቻ ቀረ። በላው በዚህ በኩል እንዳይገባብኝ ፈራሁ። ብሉ ማለቴ አይደለም ጋሼ።»

አባቴ ተነሥቶ ቤቷ ድረስ ሄደ። ሥጋ ያለበት ሳህን ይዞ ተመለሰና አላፊ አግዳሚው በሚያየው ደጃፋችን ላይ ተቀመጠ። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ላይ የማታ ፀሐይ ነበረች። ቀስ ብሎ በላ፤ አጥንቱን ሳይቀር ጋጠው። ከዚያ «እግዜር ይማራት» አለ። እናቴ ከውስጥ «ኧረ ምን ነካህ» ስትል ሰማኋት።

ልጅቷ ግን ሳምንት ሳይሞላት ሞተች።

ክርስቲያኑ ሁሉ አባቴን ሲያይ «በላ» ይባባል ጀመር። ምን እንደበላ ማንም አይጠይቅም። የማኅበሩ ጽዋ እሱን እየዘለለ ዞረ። ቄሱ ንስሐ ግባ ቢሉት «ምን በድዬ?» አላቸው። እናቴ እንኳ ሳህኑንና ብርጭቆውን ለየችበት። እያለቀሰች ነው የለየችው፤ ግን ለየች። እሱም ቃል ይዞ መዞሩን ተወ። ሲሞት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተቀበረ፤ ጉድጓዱን የቆፈሩለት የልጅቷ አባትና አጎቶቿ ናቸው። እኔ እንደተናደድኩ ነው የኖርኩት፤ በማን እንደሆነ ግን ዛሬም አላውቅም።

ከመሞቱ በፊት አንድ ጊዜ ጠይቄው ነበር። «ትድናለች ብለህ ነው የበላኸው?»

«አይደለም» አለኝ። «ያን ቀን ጧት ገብቼ አይቻት ነበር። እንደማትተርፍ አውቄያለሁ። እናትየዋ ግን በኋላ ቤታችንን ባየች ቁጥር፣ በዚያ ደጅ ነው የገባብኝ እያለች እንድትኖር አልፈለግሁም።»