ሐጂ መንጂ መጀመሪያ ይቅመስ

በስፋክስ ከተማ ገበያ ከሐጂ መንጂ ሱቅ መድኃኒት ቅጠል የሚገዛ ሰው፣ ሻጩ ራሱ ዓይኑ እያየ ካልጠጣለት ንቅንቅ አይልም። የገበያው ወግ ነው። ሌሎቹ ሻጮች ከንፈራቸውን አርሰው ይመልሳሉ፤ ሐጂ ግን ኩሩ ነው፣ ጭልጥ! ለሳል የመጣች እንደሆነ ዝንጅብል በቀረፋ፣ ለጉልበት የመጣ እንደሆነ እርድ፣ ለግፊት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት። የከተማውን በሽታ ሁሉ ሲታከም ይውላል፤ አንዱም የሱ አይደለም እኮ!

የሱ በሽታ ልቡ ነው። ሐኪሙ ደም የሚያቀጥን ክኒን ሲያዝለት፣ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠይቆት ነበር።

«ኧረ ምንም!» አለ ሐጂ። ቅምሻው ሥራው ነው፤ ሥራ መድኃኒት ነው እንዴ?

ይሄ ሰውዬ ስድሳውን ካለፈ በኋላ ፍቅር ያዘው። መብሩካ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሁለት ባል የቀበረች ናት። «ሦስተኛ የምቀብርበት አንጀት የለኝም፤ ጤናህን ጠብቅ» ብላ እሺ አለችው።

የኒካሁ ዕለት ጠዋት ጸጉር ቤት ገባ። ጸጉር አስተካካዩ በሽር ጢሙን ሲላጨው አገጩን ጫር አደረገው። ጥጥ ለጠፈበት። ጥጡ ራሰ። ፎጣ ጫነበት፤ ፎጣውም ቀላ።

«ሐጂ፣ ወላሂ አልቆም አለ!» በሽር ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ወሬው ቀድሞ ሙሽሪት ጋ ደረሰ። እጇ ሂና እንደተቀባ እየሮጠች መጣች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ጠጣህ?»

«ምንም።»

«መንጂ!»

«ለደንበኞቹ ብዬ ነው እንጂ እኔማ...»

ሐኪሙ ጋ ደውላ ሲቀምስ የሚውለውን ሁሉ ነገረችው። ጩኸቱን ጸጉር ቤቱ በሙሉ ሰማው። «ክኒኑ ብቻውን ያቀጥናል! እነዚያም ያቀጥናሉ! ደሙ በምን አቅሙ ይርጋ? አሁኑኑ አምጡት!»

ክሊኒክ ወስደውት ደሙ ቆመ። መብሩካ ግን ፊቷን አዞረች። ሐጂ ሞቱን ረስቶ እሷን ማጣቱ አስፈራው።

«የፈለግሽውን በይኝ» አላት።

«ከዛሬ ወዲያ አትቀምስም። የኒካሁ ውል ላይ ይጻፍ።»

«ገበያው ይስቅብኛል እኮ!»

«ይሳቅ።»

አገጩ ላይ ፋሻ እንደለጠፈ ፈረመ።

ከሠርጉ በኋላ የመጀመሪያዋ ደንበኛ የድሮ ወዳጁ ሳልሐ ነበረች። ዝንጅብሉን አስፈልታ፣ «በል ቅመስ» አለችው። እጁ ወደ ስኒው ሄደ፤ መለሰው። «አልችልም፣ ሳልሐ።»

«እንግዲያው የራስህን ዕቃ ራስህ አታምነውም ማለት ነው» ብላ ጥላው ወጣች። ሐጂ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም።

መብሩካ ከጓዳ ብቅ አለች። «ማን ነበረች?»

«ሳልሐ። ሄደች።»

«ትሂዳ» አለች አጠገቡ እየተቀመጠች። «አንተ አለህልኝ።»

ሐጂ ሳልሐ ያስፈላችውን ዝንጅብል ደፍቶ፣ ስኒውን ገልብጦ አስቀመጠው።