ከቀዩ በር ወዲህ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የጃፓኖቹ የሺንቶ እምነት መቅደስ ፓርኪንግ የሚሠራው ፀሐዩ ያንን ሽማግሌ ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። እሑድ ጠዋት፣ ሐበሻ ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ እሱ በተተኮሰ ሱፉ ላይ ነጠላ አጣፍቶ እዚህ ይመጣል። ጎብኚው በመቅደሱ ቀይ በር አልፎ ወደ አትክልት ስፍራው ሲገባ፣ እሱ ጫማውን አውልቆ በተቀደደ ካልሲ በሩ ላይ እንደ ጅብራ ይገተራል።

«ዕድሜ ለንስሐ ቢሰጠው ለጣዖት ነጠላ ያጣፋል!» ይላል ፀሐዩ በሆዱ። ዛሬ ግን አላስቻለውም።

«አባባ፣ ይግቡ እንጂ! ጣዖቱ አይናከስም» አለው እየሳቀ።

ሽማግሌው ቀና አላለም።

«ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስቆም፣ ‹ምን አጥፍቶ ነው የማይገባው?› ይላሉ። እዚህ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ አልነበረም» አለና ጎንበስ ብሎ ጫማውን አጠለቀ።