የእነሮዳ ግቢ አቀማመጥ

ካሚል የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ሐርጌሳ የገባው፣ ጦርነቱ አልፎ ሰው ከስደት ካምፕ እየተመለሰ ፍርስራሹን በሚጠርግበት ዘመን ነበር፤ ሥራውም ለአንድ የግንባታ ድርጅት መሬት መለካት። ቀን ሜትር ሲጎትት፣ ችካል ሲተክል ይውላል፤ ማታ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር በተከራያት ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ጋር ይፋጠጣል። ሶማልኛው ከሰላምታ አያልፍም። ወላሂ፣ ሳምንቱ ሙሉ አንድ ሰው እንኳ በስሙ ሳይጠራው የሚያልፍበት ጊዜ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ዋሄን ገበያ ሲባጎ ሊገዛ ቢሄድ፣ ሻጯ አየት አደረገችውና "ቀጭኑን ነው ወፍራሙን?" አለችው፤ በአማርኛ! ሮዳ ትባላለች፣ ድሬዳዋ ነው ያደገችው። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሲባጎ ሳይገዛ የሚውልበት ቀን ጠፋ። "አንተ ካሚል፣ ከተማውን ልታስረው ነው እንዴ?" እያለች ትስቅበታለች። ስሙን ስትጠራው ሆዱ ይባባል። ወደዳት፤ በቃ፣ ወደዳት።

ግን ማን ሽማግሌ ይሁነው? አባት የለ፣ አጎት የለ። ለሥራ ባልደረባው ለዓብዲራሕማን ነገረው። ዓብዲራሕማን አዲስ አበባ ተምሮ፣ እንግሊዝ አገር ኖሮ የተመለሰ፣ አማርኛውን በእንግሊዝኛ እያጣፈጠ የሚያወራ ደግ ሰው ነው። "አብሽር፣ ሽምግልናውን ለእኔ ተወው" አለው። "አንተ ብቻ መጀመሪያ እነሮዳ ቤት ብቅ በልና ሌይ ኦፍ ዘ ላንዱን እይ።"

ማለቱ የቤቱን ሰው ሆድ እይ፣ እናቲቱ ለባዕድ ልጅ ፊት ይሰጡ እንደሆነ አጥና ነው። ካሚል ግን ይህችን እንግሊዝኛ የሚያውቃት ከሥራው ነው። አለቃው ባላት ቁጥር የመሬቱን አቀማመጥ፣ የቱ ጋ ከፍ፣ የቱ ጋ ዝቅ እንደሚል ለክቶ ያመጣል። 'ለካ ግቢው ውስጥ ለጎጆ መውጫ የሚሆን ቦታ ሊፈልጉልኝ ነው' ብሎ ደስታው ሌላ!

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በማግስቱ ሜትሩንና ችካሉን ተሸክሞ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር፣ እነሮዳ ግቢ። ሮዳ ገበያ ናት። አጥሩ በጦርነቱ ፈርሷል። "አሰላሙ አለይኩም" አለና መልስ ሳይጠብቅ ሲባጎውን በፈረሰው አጥር መስመር ከጥግ ጥግ ወጠረው፤ ያውም ከልጅቷ የገዛውን። ይሄ ጅል!

እናቷ ወይዘሮ ኢስታሂል ወጡ። እሳቸው ከካምፕ ሲመለሱ ግቢያቸውን ሌላ ሰው ይዞት፣ ስንት ተሟግተው ነው ያስለቀቁት። አሁን ደግሞ የማያውቁት ሰው ችካል ሲተክልባቸው ቢያዩ ምን ይሁኑ? በጩኸት ጎረቤት ጠሩ። ካሚል በዚያች ሶማልኛው ምን ብሎ ያስረዳ? "ሮዳ... መሬት... ሮዳ..." አለ። ጭራሽ አባሰው። ድንጋይ እየተወረወረበት፣ ሜትሩን ይዞ እግሬ አውጪኝ አለ።

ዓብዲራሕማን ሲሰማ መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳ፤ ቀጥሎ ሊያስረዳ፣ በዚያውም ልጅቷን ሊጠይቅለት ሮጠ። ወይዘሮ ኢስታሂልም ነገሩ ሲገባቸው ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን፣ "ልጁ ክፋት የለውም" አሉ። "ሰው ነው የሌለው። አንዲት አክስት ብትኖረው መቼ እንዲህ ይሳሳት ነበር? ነገ ከልጄ ጋር ቢጣሉ የማንን በር ነው የማንኳኳው?" ዓብዲራሕማን እንቢታውን ለካሚል ይዞ ተመለሰ። ሮዳ አለቀሰች፣ ከእናቷ ቃል ግን አልወጣችም።

ከወራት በኋላ ካሚል ከሥራ ሲመለስ በዚያ አለፈ። እነሮዳ አጥር ሠርተዋል፤ ችካሎቹን ለካ አልነቀሏቸውም ኖሯል። ግንቡ እሱ በወጠረው ሲባጎ ልክ ነው የቆመው። ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው፤ አልተዛነፈም። ከውስጥ ሮዳ በሶማልኛ ስታወራ፣ ስትስቅ ይሰማል። ካሚል በገዛ እጁ ካሰመረው ግንብ ውጭ ቆሞ አዳመጠ። አንዲት ቃል እንኳ አልገባችውም።