የወረቀቱ ነው አልኩ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለሰው ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ባሌ ሳይሰማው አረፈ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም አያውቁትም። እኛ ፕሮቴስታንቶች የንስሐ አባት የለንም፤ ኃጢአትን ለእግዚአብሔር መናገር ይበቃል ተብለን ነው ያደግነው። ለእሱ ተናግሬአለሁ። ግን የበደልኩት እሱን ብቻ ነው? አይደለም። ስለዚህ እርስዎ ያንብቡትና ይፍረዱ።

ማርታ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችኝ። ያደግነው አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ላንቴ በምትባል መንደር ነው። እኔ አሥራ አንድ፣ እሷ ስምንት ዓመታችን ሳለ አባታችን ዘንድ የመጣ እንግዳ ሁለታችንን አየና «ቆንጆዋስ ትንሿ ናት» አለ። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከሰዓት በኋላ በቆሎ ስንኮተኩት በያዝኩት መኮትኮቻ ግንባሯን መታኋት። አምልጦኝ አይደለም። አይቼ፣ አስቤ መታኋት። ለእናታችን «ወድቃ ድንጋይ መታት» አልኩ። ማርታ ደሟን በእጇ ይዛ አየችኝ። እስክትሞት ድረስ ለማንም አላጋለጠችኝም። ከቀኝ ቅንድቧ በላይ ግን ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ቀረ።

ማርታ ገና በወጣትነቷ ታማ ሞተች። ልጇ ትዕግስት ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ የአባቷ ዘመዶች ሶዶ ወስደው አሳደጓት። አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ ወደ አርባ ምንጭ በሥራ የተመለሰችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በመጣች በሳምንቱ ቤቴ መጥታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቷን ፎቶ።

ማርታ በሕይወቷ የተነሳችው ፎቶ አንድ ነው፤ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር፣ ፎቶ ቤት፣ ከሠርጓ በፊት። እኔ ዘንድ ነበር። ጣራው አፍስሶበት ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል፤ ሻጋታ ግማሽ ጉንጯን በልቶታል፤ ፊቷን ከላይ እስከ ታች ስንጥቅጥቅ መስመር ሞልቶታል። ትዕግስት ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላብጣ አየችው። «የቱ ጋ ናት?» አለች በመጨረሻ፤ ለመቀለድ ብላ ነው፣ ግን ድምፅዋ አልቀለደም።

በዚያን ጊዜ ሰርቪስ ቤቴን የተከራየችው ሰላማዊት የምትባል የኮምፒውተር መምህርት ነበረች፤ ወሎ ተወልዳ ያደገች፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ። ጥናቷ የተበላሹ ፎቶዎችን ማደስና የሰውን ፊት ለይቶ ማወቅ ነበር። የማርታን ፎቶ እንድታድስልኝ ሰጠኋት። ኮምፒውተሩን እጅግ ብዙ ፊት አሳይተው ያስተምሩታል፤ ከዚያ የጠፋውን ቦታ ከተማረው ተነስቶ ይሞላዋል አለችኝ። «ታዲያ ከራሱ ፈጥሮ አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። «እማማ፣ እሱ ነው ጭንቀታችን» አለች። «ፈጥሮም ቢሆን የሚያምር አድርጎ ስለሚፈጥር ሰው ያምነዋል። ለዚህ ነው ሰውየውን የሚያውቅ ሰው አጠገቤ የምፈልገው።»

የሚያውቅ ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፗን በረንዳዬ ላይ ከፍታ ጠራችኝ። ሻጋታው የለም። ጉንጯ ሞልቷል። መስመሮቹ ሁሉ ጠፍተዋል፤ ከአንዱ በቀር። ማርታ ከነጠባሳዋ ታየኝ።

«ይቺን መስመር እዩልኝ» አለች ሰላማዊት ጣቷን እያስጠጋች። «ኮምፒውተሩ ሌሎቹን የወረቀት ጭረት ናቸው ብሎ አጠፋቸው። ይቺን ግን ጥላ ስላላት ነው መሰለኝ የፊት ጠባሳ ብሎ ተዋት። የፊቷ ነው ወይስ የወረቀቱ?»

የተጠየቅኩት ይህን ብቻ ነው። መልሱ አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። ጠባሳ ካለ፣ ትዕግስት ምን ሆና ነው ትለኛለች። ምን ልላት ነው? እንደገና ድንጋይ?

«የወረቀቱ ነው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት? እሱ እንኳ አጥብቆ ነው የያዛት።»

«አብሬያት ነው ያደግኩት።»

ሳቀች። «እንግዲህ አንተ ዝም በል ተብለሃል» አለችው ኮምፒውተሩን፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረገችና የእህቴ ግንባር ለስልሶ ቀረ። ማሽኑ ያየውን እውነት ተናግሮ ነበር። ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ማርታን ለሁለተኛ ጊዜ የመታኋት ያን ጠዋት ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት እስከ ዛሬ ዝም እል ነበር። አላበቃም።

ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶለት ለትዕግስት ሰጠኋት። ሰላማዊት በሌላ ፕሮግራም የሁለቱን ፊት አስተያይታ «ፕሮግራሙ እናትና ልጅ መሆናችሁን አወቀ» ስትላት ትዕግስት ደስ አላት። «ታዲያ አፍንጫዋን ለምን ከለከለችኝ?» ብላ አሳቀችን። ሰላማዊት ወደ ክፍሏ ስትመለስ ትዕግስት ፎቶውን ታየው ጀመር። ግንባሩ ላይ የምትፈልገው ነገር እንዳለ ገባኝ።

«አክስቴ» አለች፣ «እናቴ እዚህ ጋ ጠባሳ አልነበራትም እንዴ?»

«ለምን ጠየቅሽ?»

«ከእሷ የማስታውሰው እሱን ብቻ ነው። ፊቷን አላስታውስም፤ ድምፅዋንም። ጭኗ ላይ ተኝቼ ግንባሯ ላይ ያለችውን ጎድጓዳ በጣቴ ስነካ፣ እሷም ዝም ስትለኝ፤ ይሄ ብቻ ነው ያለኝ።»

ይህን ሰምቼ ምን አልኩ? «አልነበራትም» አልኩ። በዚያም አልበቃኝም። «ልጅ ነበርሽ፤ ከሌላ ሰው ጋር አምታተሽው ይሆናል» ብዬ ጨመርኩ።

ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች። ሁለት ምስክር ሆንንባት። «እንግዲህ ሞግዚቴ ትሆናለች» አለችና ፈገግ አለች።

በቅርቡ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንዲት ሴት ስለ እናቷ ስትጠይቃት ሰማኋት። «እኔ እናቴን ጨርሶ አላስታውሳትም» ብላ መለሰችላት። አጠገቧ ቆሜ ነበር።

በእኛ በጋሞ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው በደሉን ሲደብቅ በሽታ ወይም ጉዳት በቤቱ ይገባል፤ በሰው ፊት ካልተናዘዘ አይወጣም ይላሉ አባቶች። አባቴ ጌታን ከተቀበለ በኋላ ይህን ትቶታል፤ እኔም በጎሜ አላምንም። ደግሞም ምንም አልደረሰብኝም። እንቅልፌ ደህና ነው፤ ልጆቼም ደህና ናቸው። የተጎዳችው እሷ ናት። ቅጣቱ በእኔ ላይ ቢሆን ኖሮ ቀድሜ እናገር ነበር ወይ? እናገር ነበር ብዬ እፈራለሁ፤ ያውም ለራሴ ብዬ።

አንዳንዴ እህቴን እንግዳው እንዳያት አድርጌ ቁንጅናዋን መለስኩላት ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬአለሁ። ውሸት ነው። የሰወርኩት የእሷን ጠባሳ ሳይሆን የራሴን እጅ ነው። ልጅነቴንም ምክንያት አላደርግም። መኮትኮቻውን ያነሳሁት በልጅነቴ ነው፤ «አልነበራትም» ያልኩት ግን ፀጉሬ ሸብቶ ነው።

እሑድ ትዕግስት ከልጇ ጋር ምሳ ልትበላ ትመጣለች። ይቅር በይኝ ብዬ አልጀምርም። ልቧ ርኅሩኅ ነው፤ እኔን ለማጽናናት ትቸኩልና የራሷን ሐዘን ትረሳለች። ይቅርታውን ቆይታ፣ ከፈለገች ትስጠኝ፤ ካልፈለገች ትከልክለኝ። የመታኋት እኔ እንደሆንኩም እነግራታለሁ። መጀመሪያ ግን የወሰድኩባትን ልመልስላት፤ አላምታታሽም፣ ያ ጭን የእናትሽ ጭን ነበር።